በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ፎሌ የሚለውን ቃል መኪና የማይነዳ ሰው ላያውቀው ይችላል። ማርሹ የትም ሳይገባ፣ ሞተሩ ለብቻው ጎማው ለብቻው ሲዞር ማለት ነው። እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ጎሚስታ ከጣልያን የወረስነው ቃል ነው። በአገሩ «እብድ» ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የ58 ዓመት ሰው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን ቁልቁለት በፎሌ እንዲወርዱ አደረግኩ። በአፌ አላልኳቸውም። አይቻቸውም አላውቅም ነበር። እኔ የነበርኩት አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማኪያቶዬን ይዤ ነው። የሠራሁት ሥራ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት፣ ደቡብ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ አንድ የልማት ድርጅት የተሽከርካሪ መከታተያ ሲስተም ለመሥራት ውል ገባ። ድርጅቱ 19 ፒካፖች ነበሩት። አብዛኞቹ ሃይሉክስ፣ ሁሉም ባለ ናፍጣ። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ እያነሳ፣ አንዱን ዋጋ ሳንለምደው ሌላው እየመጣ ነበር። የእኛ አገር ናፍጣ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ፣ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። አንዱ ሊትር ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ደንበኛችን «ነዳጅ እንቆጥብ» ሲል የስስት ጥያቄ አልነበረም።

ችግሩ ሌላ ነው። ነዳጁን መቆጠብ የሚችለው ሹፌሩ ነው፣ የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም። እሱ ቢቆጥብ የሚያመሰግነው የለም። ቢያባክን ደግሞ ከኪሱ አይወጣ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ የራሱ ያልሆነን ናፍጣ እንደ ራሱ የሚሳሳለት ሰው ከየት ይመጣል? ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲጠይቁ በመጠራጠራቸው አልፈርድም። ከዚያ በፊት አንዱ ሹፌር ከታንከር በቱቦ እየቀዳ ሲሸጥ ተይዞባቸዋል።

እኔ የተማርኩት ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ወደ ኮዱ የገባሁት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ያው ሥራው እዚያ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ይህ ፕሮጀክት ሲመጣ «የእኔ ነው» አልኩ። ሁለት ዓለሜ የተገናኘ መሰለኝ።

እስቲ ሒሳቡን እንየው፣ ምክንያቱም ሒሳቡ እውነት ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን ፒካፕ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 278 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 36 ሜጋ ጁል ያህል አለ። ሞተሩ ከዚያ ውስጥ ጎማው ጋ የሚያደርሰው ግን ሲሶውን ቢሆን ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ በማርሚታና በራዲያተር ይሄዳል። ስናካፍለው፣ መኪናውን ከቆመበት አንስቶ 60 ለማድረስ ብቻ ቢያንስ 23 ሚሊ ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል። የቡና ሲኒ ሲሶ በሉት። ከፊቱ ቀይ መብራት እያየ ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር፣ መብራቱ ሥር ደርሶ ፍሬን ሲይዝ ያቺን ሲሶ ሲኒ አስፋልት ላይ እንዳፈሰሳት ነው። በቀን መቶ ጊዜ ቢያደርገው ከሁለት ሊትር በላይ ሆነ። እኛ ናፍጣ የሚሰረቀው በቱቦ ብቻ ይመስለናል።

ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። አየር መኪናን ወደ ኋላ የሚይዝበት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ80 ወደ 100 ከፍ ስትሉ ፍጥነታችሁ በሩብ ጨመረ፣ የአየሩ ኃይል ግን በ56 በመቶ። ፒካፕ ደግሞ አየር ላይ ሲሄድ ቁም ሣጥን እንደ መግፋት ነው። (የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ ሹፌሮች ታገኛላችሁ። አትመኗቸው። መዝጊያው ሲዘጋ ጭነቱ ቦታ ላይ አየር እዚያው ክብ ሠርቶ ይሽከረከራል፣ ከላይ የሚመጣው ንፋስም በእሱ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ስትከፍቱት ያ ትራስ ይፈርሳል።) የጎማ ንፋስ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ለወራት የተረሳ ጭነት፣ ሰው እየጠበቁ ሞተር ሳያጠፉ መቆም፣ ሁሉም ይደመራል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር፣ እየተጣደፉና በድንገት ፍሬን እየያዙ መንዳት በከተማ ትርፍ መንገድ ላይ አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ ልዩነቱ ቀኝ እግር ነው።

እናም ቀኝ እግርን የሚለካ ሲስተም ሠራን። ከመሪው ሥር የምትገጠም ትንሽ ሳጥን ነች። ከመኪናው ኮምፒውተር ፍጥነቱንና የሞተሩን ዙር ታነባለች፣ በጂፒኤስ ቦታውን ታውቃለች፣ በየቀኑ መጨረሻ ለሹፌሩ ከ100 ነጥብ ትሰጣለች። በየሩብ ዓመቱ ከ70 በላይ ያመጣ የነዳጅ ቁጠባ ማበረታቻ ያገኛል። ከ50 በታች የሆነ ደብዳቤ።

ሁለት ነገር ጎድሎን ነበር። አንደኛ፣ የሚገባውን ነዳጅ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ለመግጠም በጀት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል ጭነት ላይ እንዳለ የሚናገረውን መረጃ ከ19ኙ መኪኖች 11ዱ አይልኩም ነበር። ግማሹ ባዶ የሆነ ዓምድ ዳታቤዝ ውስጥ ያስጠላል። ሰረዝኩት። በምትኩ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ3,000 ካለፈ ነዳጅ እያባከነ ነው፣ ነጥብ ቀንስ። 3,000 ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ድፍን ቁጥር ስለሆነ ነው።

እውነተኛው ሊትር ተጽፎ ነበር። ሹፌሮቹ በየጉዞው በእጃቸው የሚሞሉት ሎግ ቡክ ላይ፣ አርባ ምንጭ፣ የቢሮ መደርደሪያ ላይ። ማንም ወደ ኮምፒውተር አላስገባውም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሳጥኗን መጀመሪያ የሞከርናት ከአንድ ጓደኛዬ በተዋስነው ፒካፕ ላይ ነው፣ የነዳሁትም እኔ ነበርኩ። ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ደርሼ ተመለስኩ። ነጥቤ 38 ወጣ። ሳቅን፣ «ቴስት ዳታ ነው» ብዬ አጠፋሁት። እንግዲህ በዚያ ሲስተም ተመዝኖ ውጤቱን የመሰረዝ መብት የነበረው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። መጨረሻ የወጣው 07 ነበር፣ ነጥቡ 41። ለእኔ 07 ሰው አልነበረም፣ ቢሆንም «አንተ» የምለው ዓይነት ሰው ነው። አንቱታው የመጣው ፊታቸውን ካየሁ በኋላ ነው። 07 ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፦ «የሞተር ዙር ያለአግባብ በማብዛት ነዳጅ በማባከን»። ቃሉ ከእኔ ሪፖርት የተቀዳ ነው። ማበረታቻውም ቀረበት። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ትንሽ ተሻሻለ፣ ግን 70 አልሞላም። በሦስተኛው 78 ገባ።

78! ለአዳዲስ ደንበኞች በምናሳየው ስላይድ ላይ ትልቅ አድርገን ጻፍነው። «ሹፌር 07፦ ከ41 ወደ 78»፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቀስት። ያቺን ስላይድ የሠራኋት እኔ ነኝ። ቀስቷን ለማሳመር ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

አርባ ምንጭ የሄድኩት ከዚያ በኋላ፣ ለቢሮው ሠራተኞች ሥልጠና ለመስጠት ነው። በሁለተኛው ቀን «ጨንቻ የሚወጣ መኪና አለ፣ አገሩን ለምን አታይም?» አሉኝ። ሹፌሩ ጋቢና ከፍተው «ግባ ኢንጅነር» ሲሉ ከመሪው ሥር ያለችውን ሳጥን አየሁ። የተለጠፈባት ቁጥር 07 ነው።

መንገዱን ለማያውቅ፣ አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ትሞቃለች። ጨንቻ በመንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰዉ ጋቢ ለብሶ ነው የሚያገኛችሁ። በመካከላቸው ያለው ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ፣ ዓባያና ጫሞ ከኋላ እየሰፉ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ እየታየ ይሄዳል። ጭነታችን የውሃ ቧንቧና ሲሚንቶ ነበር።

አነዳዳቸውን ልግለጸው ብል የሚገለጽ ነገር የለውም። ምንም አይሰማህም። መታጠፊያ ከመድረሱ በፊት እግራቸው ይነሳል፣ መኪናው በራሱ ይቀዘቅዛል፣ ማርሹ ሲቀየር ጭንቅላትህ አይነቀነቅም። ከፊታችን በግ የሚነዳ ልጅ ገና ሩቅ ሳለ ፍጥነታቸውን ቀንሰው፣ ልጁ በጎቹን ከመንገድ እስኪያወጣ ጠብቀው፣ ፍሬን ሳይነኩ አለፉት። በሆዴ «ይሄ ሰው እንዴት 41 አመጣ?» አልኩ። ቀጥዬም ያው ራሴን አጽናናሁ። ሲስተሙ አስተምሯቸው ነዋ።

ጭነቱን አራግፈን ስንመለስ ነው ነገሩ የመጣው። ከጨንቻ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ማርሹን ነቅለው መሐል ላይ ተዉት። የሞተሩ ድምፅ ወረደና እንደ ቆመ መኪና መንሾካሾክ ጀመረ። መኪናው ግን እየፈጠነ ነው። መታጠፊያው ሲመጣ ፍሬን፣ ከዚያ ልቀቅ፣ ደግሞ ፍሬን። አስር ደቂቃ ያህል እንደሄድን የሆነ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ላስቲክና ብረት የተቀላቀለበት ሽታ ነው። የሚያውቀው ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ፎሌ ነው እንዴ ያደረጉት?»

«አዎ።»

«እንዴ! ለምን?»

ዞር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም፣ እንደ መገረም ነው። «አንተ አይደለህ እንዴ ያልከው?»

ዶርዜ ስንደርስ አቆሙ፣ «ፍሬኑ ይብረድ፣ እኛም ቆጮ እንቅመስ» ብለው። ቆጮው በዳጣ መጣ። እኔ የምበላበት ሆድ አልነበረኝም። እሳቸው እየበሉ አስረዱኝ።

«ደብዳቤው ላይ ዙር በማብዛት ይላል። የቢሮውን ልጅ ምን ማለት ነው አልኩት። ጋሼ ሞተሩን አያስጩኹት ነው የሚለው አለኝ። እኔ ዳገት ላይ አላስጮኽም። ቁልቁለት ላይ ግን በሁለተኛ ስትይዘው ይጮኻል፣ መጮኹ ነው የሚይዝህ። መኪና ያስተማሩኝ ሰውዬ አንድ ሕግ ነበራቸው፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሰላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የወረድኩት። እስቲ ልሞክር ብዬ አንድ ቀን ፎሌ አደረግኩት። ዝም አለ። ማታ ነጥቡ ወጣ።»

«ፍሬኑስ?»

«ሸራውን በአምስት ወር ሁለቴ ቀየርን። እሱ በጥገና በጀት ነው፣ እኔ ነጥብ ውስጥ አይገባም።»

«አስፈርቶዎት አያውቅም?»

ትንሽ ዝም አሉ። «አንድ ቀን ጭጋግ ሆኖ፣ ከታች ካለችው መጠምዘዣ ላይ ስረግጠው ወለል ነካ። ፍሬን የለም። እየጎተትኩ ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ያዘልኝ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ነርሶች ነበሩ። አንዷ ተኝታ ነበር፣ አልነቃችም።» ቆጮ ቆረሱ። «በማግስቱ ነጥቡን ሳየው፣ ያቺ ማርሽ ያስገባኋት ቦታ ላይ ቀንሶብኛል።»

አሁን ያንን የሰረዝኩትን ዓምድ ልመልሰው። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር ላይ፣ ማርሽ እንደገባ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ኢንጀክተሮቹ ይዘጋሉ። ቁልቁለቱ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ዙሩ 3,000፣ 3,500 ሊሆን ይችላል፣ ድምፁ ያጓራል፣ የሚገባው ናፍጣ ግን ዜሮ ነው። ፎሌ ስታደርጉት በተቃራኒው ሞተሩን የሚያዞረው ስለሌለ፣ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት አለበት። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ እኔ ዜሮ የሚያቃጥሉትን ሰው አባካኝ ብዬ ቀጥቼ፣ ማቃጠል ሲጀምሩ ሸለምኳቸው።

ይህ የናፍጣው ነው። የፍሬኑ ይባስ። ባዶ ፒካፕ፣ ሁለት ሰው ይዞ 2,100 ኪሎ ቢሆን፣ 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 29 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። 80 ሊትር ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት። ጎማውና አየሩ የተወሰነውን ይወስዱታል። የቀረውን ግን አንድ ነገር መዋጥ አለበት፣ ወይ ሞተሩ፣ ወይ ፍሬኑ። ፍሬኑ ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፣ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ይህን እኔ ተምሬዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የሞተር ኮርስ ነበረን፣ ጥያቄው ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሠርቼዋለሁ። ኤ ነው ያገኘሁት።

አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሎግ ቡኮች አንድ ሌሊት ሙሉ ሳገላብጥ አደርኩ። ሳጥኗ ከመገጠሟ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት፣ ጨንቻ ከሚመላለሱት ሹፌሮች ሁሉ በኪሎ ሜትር ትንሹን ናፍጣ የተጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ማንም ሳያያቸው፣ ማበረታቻ ሳይኖር። በማግስቱ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስለ አገር ሀብት ወይም ስለ አደራ የሆነ ነገር እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ነበር፣ ለዚህ ጽሑፍም ያምር ነበር።

«ሞተር በግድ ሲያጓራ አልወድም፣ ጆሮዬን ያመኛል» አሉ። በቃ።

ብዙ ያሰብኩት ይቺን መልስ ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቻርልስ ጉድኸርት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ሐሳብ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መለኪያ የነበረው ቁጥር ዒላማ ሲሆን መለኪያነቱን ያጣል የሚል ነው። ፕሮግራመሮች እንወደዋለን፣ ስብሰባ ላይ ብልህ ያስመስላል። እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ ታሪኩን ስነግራቸው «አሃ፣ ጉድኸርት!» ብለው ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ግን የሆነው ነገር ከዚያ የከፋ ይመስለኛል። ቁጥሬ መበላሸቱ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ሰላሳ ዓመት የሠራ ጆሮ ነበር፣ መኪናው የሚለውን የሚሰማ። እኔ በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ ጫንኩበት፣ ደመወዝ የሚያስቆርጥ ድምፅ። ጆሮው እውነቱን እየነገራቸው ሳጥኗን ሰሙ።

አርስቶትል ምግባር የሚገኘው በማድረግ ነው ይላል፣ ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚሆኑት። ብዙ ጊዜ የማይጠቀስለት ቀጣዩ ሐሳብ ነው። ክራር በመምታት ጥሩ ክራር መቺ እንደሚወጣ ሁሉ፣ መጥፎ ክራር መቺም የሚወጣው በዚያው ክራር በመምታት ነው። አምስት ወር በፎሌ መውረድ አምስት ወር ልምምድ ነው። እጃቸው ማርሹን ሲነቅል አይቻለሁ፣ ሳያስቡት ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን እሳቸውንም ጠይቄያቸዋለሁ፣ ምናልባት እንዲምሩኝ ፈልጌ ይሆናል። መልሳቸው አልረዳኝም። «የእኔ ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ፣ ሰው የጫንኩት እኔ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ለአንድ ሺህ ብርና ለአንድ ደብዳቤ ብዬ ነው ያደረግኩት» አሉ። ይህን ሲሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ አልነበረም። አሁን ሳስበው ክብራቸውን እየጠበቁ ነበር። «ሲስተሙ ነው ያስገደደኝ» ቢሉ፣ የሰላሳ ዓመቱን ጥሩ አነዳድም ለሲስተም ማስረከብ ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ ይህ አልገባኝም ነበር፣ «የለም፣ የእኔ ነው» እያልኩ እከራከራቸው ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥፋት ላይ እንደ ምሳ ሒሳብ ሲጓተቱ አስቡት።

ግን አሁንም የምለየው ነገር አለ። እሳቸው ጥፋታቸውን ያወቁት ፔዳሉ ወለል ሲነካ ነው፣ ከእግራቸው ሥር። እኔ ግን ያ ሁሉ ሲሆን አረንጓዴ ቀስት ነበር የማየው። የሥራዬ ጠባይ ይህ ነው፣ የምወስነው ውሳኔ ቁልቁለቱ ላይ እኔን ይዞ አይወርድም። ስትሳሳት የማይሸትህ ሥራ ላይ ስትሆን ከሌላው የበለጠ መጠየቅ ግዴታህ ነው ወይስ ሥራውን ጭራሽ መሥራት የለብህም? የመጀመሪያውን መርጫለሁ፣ ደመወዜም እዚያ ስለሆነ ምርጫዬን እጠረጥረዋለሁ።

«ታዲያ አትለኩ በለና» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። በቱቦ የሚቀዳው ናፍጣ እውነት ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ለለጋሾቻቸው መልስ መስጠት አለባቸው። መብራት እያየ የሚረግጠውም ሹፌር እውነት ነው። ከ19ኙ ውስጥ ስድስት ሰባቱ ሳጥኗ ከገባች ወዲህ ፍጥነታቸውን ቀንሰዋል፣ ሎግ ቡኩም ይህንኑ አሳይቷል። ለእነሱ ሠርታለች። የጎዳችው ከእሷ የተሻለ የሚያውቀውን ሰው ነው።

ኮዱን አስተካከልኩት። ሞተሩ ጭነት ላይ ካልሆነ ዙሩ ስንትም ቢሆን ነጥብ አይቀንስም። የጭነት መረጃ የማይልኩት 11 መኪኖች ደግሞ ነጥብ የሚባል ነገር አይሰጣቸውም። ሥራ አስኪያጁ አልተደሰቱም፣ «ለእነዚህ ታዲያ ምን ልጠቀም?» አሉኝ። ሎግ ቡኩን ያንብቡ አልኳቸው። ሶፍትዌር ሸጬ ወረቀት አንብቡ ስል የድርጅቴ አለቃ አጠገቤ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም። የ07 ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው ይነሳ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ተነሳ። የቀረባቸው የሁለት ሩብ ዓመት ማበረታቻ ግን በጀቱ ተዘግቷል ተባለ። ከኪሴ ልስጣቸው ብዬ አስቤ ነበር፣ አፍሬ ተውኩት። ማፈሬ ትክክል ይሁን ስስት፣ እስካሁን አለየሁትም። ስላይዷንም አወጣኋት፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሰው ከድሮው ፋይል ቀድቶ ሲያቀርባት አይቻለሁ።

ባለፈው ጥር ደግሜ ወረድኩ። አብረን ጨንቻ ወጥተን፣ ስንመለስ ቁልቁለቱ አፍ ላይ እጃቸው ወደ ማርሹ ሄደ። ለአፍታ መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለተኛ አስገቡት፣ ሞተሩ ማጓራት ጀመረ። ዶርዜ ላይ ቆጮ በላን። ስልካቸውን አውጥተው የዕለቱን ነጥብ አሳዩኝ፣ 87።

«ጥሩ ነው ጋሼ!»

«ጥሩስ ጥሩ ነው።» መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አዩት። «13ቷ ግን ምን ላይ ነው የጎደለችው?»

ላፕቶፔን ከፍቼ ፈለግኩ። ኔትወርኩ እየጠፋ ስለሚመጣ ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸው ሒሳብ ከፍለው፣ ጎማ በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ ሞተር አስነስተው ጠበቁኝ።

«ተወው፣ ስታገኘው ትነግረኛለህ» አሉ።